ለማጣሪያ የሚቀረጽ ድምፅ፤ ካርቱም ላይ በትንሽ ገንዘብ

ለማጣሪያ የሚላክ ቅጂ ለገበያ ከሚወጣ ዘፈን ይለያል። ለገበያ የሚወጣው አድማጭን ለመማረክ ስለሚሠራ አቀናባሪው ይጨምርበታል፣ ሚክስ የሚያደርገው ባለሙያ ያለሰልሰዋል፣ የተበላሸውም ተቆርጦ እንደገና ይገባል። የማጣሪያውን ቅጂ የሚሰማው ግን ጉድለት መፈለግ ሥራው የሆነ ሰው ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህር፣ የውድድር ዳኛ ወይም ተጫዋች የሚቀጥር የባንድ መሪ በአንድ ተቀምጦ በርካታ ቅጂ ይሰማል። የሚፈልገውም ጥቂት ነው፤ ድምፁ ከቅኝቱ ይወጣል አይወጣም፣ ምቱ ይረጋል ወይስ ይሮጣል፣ ጣቶቹ ክሩን በንጽሕና ይመታሉ ወይስ ይደናቀፋሉ፣ ዘፋኙ ትንፋሹን የት ላይ ይወስዳል። ለዚህ ሥራ የሚገዛ ዕቃ የሚለካው እነዚህን ሳይሸፍንም ሳያሳምርም ማሳለፍ በመቻሉ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የሚያስፈልገው ዕቃ ሻጮች ከሚዘረዝሩት በጣም ያነሰ ነው፤ የሚቀረጽበት ክፍል ግን አብዛኛው ሙዚቀኛ ከሚገምተው በላይ ይወስናል።

ካርቱም ውስጥ ድምፅን ማስፈተን ለረጅም ጊዜ በአካል ቀርቦ የሚፈጸም ጉዳይ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ሥራ የጀመረው የኦምዱርማን ሬዲዮ ለሱዳን ዘፋኞች ዋናው በር ነበር፤ በሬዲዮው የድምፅ ኮሚቴ ፊት ቆሞ ማለፍ ለአንድ ዘፋኝ እንደ ማዕረግ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመውና በኋላ በሱዳን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሙዚቃና ድራማ ፋኩልቲ የሆነው ተቋምም ሙዚቀኛውን ከነመሣሪያው የሚያይ ነበር። ዛሬ ብዙው በር በፋይል ነው የሚንኳኳው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከተለያዩ አገሮች ወጣት ሙዚቀኞችን ሲሰበስብ የቆየው ዋንቢት የተባለው የአሜሪካ ፕሮግራም አመልካቹን የሚያውቀው በላከው ቅጂ ነበር። በውጭ አገር ያሉ ኮንሰርቫቶሪዎችም በአካል ከመጥራታቸው በፊት ቪዲዮ ይጠይቃሉ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 (ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.) ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ጉዳዩ ከምርጫ ወደ ግዴታ ተሸጋገረ። ኦምዱርማን የሚገኘው የሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ ራሱ የውጊያ ቦታ ሆነ፤ ሠራዊቱ መልሶ የያዘው በማርች 2024 ነው። ሙዚቀኞች ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ካይሮ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ናይሮቢና ወደ ካምፓላ ተበተኑ። ስቱዲዮ የነበረው ስቱዲዮውን ጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ መቅረጫ ዕቃ ሲነሳ አንድ መለኪያ ከዋጋም ይቀድማል፤ ዕቃው በአንድ የትከሻ ቦርሳ ይገባል ወይ?

ክፍሉ ይቀድማል

ከጦርነቱ በፊት፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት በሚኖሩበት በዴም ሠፈር የአንድ ቀረጻ ምሽት ይህን ይመስል ነበር። ክፍሉ በአንድ ግቢ ዙሪያ ከተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች አንዱ ነው፤ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ክራር ተጫዋቹ ስልኩን በውሃ ጠርሙስ ላይ አስደግፎ ሲጀምር መስኮቱ ላይ የተገጠመው በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል። እሱ ሲጠፋ የጣሪያው ቬንትሌተር ይሰማል። ቬንትሌተሩ ሲቆም የጎረቤት ጄኔሬተር አለ፤ ጄኔሬተሩ ጋብ ሲል አዲስ አበቤው ባጃጅ የሚለው ራክሻ መንገዱን እያንቋቋ ያልፋል። ሁሉም ጸጥ ሲል ደግሞ ተራው የሙቀቱ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ካርቱም ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ትውላለች፤ ማታም ግድግዳው የዋለበትን ሙቀት ይተፋል። ጣት ያልበዋል፣ ክር ይረግባል፣ ሦስተኛው ዜማ ላይ ሲደረስ ቅኝቱ ወርዷል።

ከእነዚህ አብዛኞቹ በገንዘብ ሳይሆን በሰዓት ይፈታሉ። ለካርቱም ቀረጻ የሚመቹት ወራት ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያሉት ናቸው፤ ማቀዝቀዣ ሳይከፈት ክፍል ውስጥ መቆየት የሚቻለው ያኔ ነው። ከቀኑ ሰዓት ደግሞ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት አዛን ያለው ጊዜ፣ ወይም ዓርብ ከረፋዱ በፊት መንገዱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ይመረጣል። የማመልከቻው ቀን በሙቀቱ ወራት መካከል ከወደቀ ክፍሉን ቀድሞ አቀዝቅዞ፣ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ፣ አንድ ዜማ ቀርጾ እንደገና መክፈት ነው። አሰልቺ ነው፤ ግን የትኛውም ውድ ማይክ የማቀዝቀዣ ድምፅን ከክራር ድምፅ ለይቶ አይተውም።

ሁለተኛው ችግር የክፍሉ የራሱ ድምፅ ነው። ባዶ ክፍል መካከል ቆሞ አንዴ ጠንከር አድርጎ ማጨብጨብ ሁሉንም ይናገራል። ከጭብጨባው በኋላ ዝርር የሚል የብረት ድምፅ ከተከተለ፣ ድምፁ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው ማለት ነው። ማይኩ የሚሰማው መሣሪያውን ብቻ አይደለም፤ ከግድግዳ ተመልሶ ከሚሊሰከንዶች በኋላ የሚደርሰውን ቅጂውንም ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ የተወሰኑ ድምፆች ይጎላሉ፣ ሌሎቹ ይጠፋሉ። አድማጭ «ከቆርቆሮ ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል» የሚለው ይህንን ነው። በኋላ በኮምፒውተር ማውጣት ከባድ የሆነውም ይኸው ጉድለት ነው፤ ማጉረምረም በመጠኑ ይቀነሳል፣ የክፍል ማስተጋባት ግን ከዜማው ጋር ተጋብቷል።

መፍትሔው ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ነው። የጥጥ ወይም የስፖንጅ ፍራሽ ከሁሉም ይሻላል፣ ምክንያቱም ወፍራም ነገር ወፍራም ድምፅንም ይውጣል። ሱዳኖች አንገሬብ የሚሉትን የጠፍር አልጋ በጎኑ አቁሞ ፍራሹን መደገፍ፣ ሁለት እንዲህ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ሙዚቀኛውን ፊቱን ወደ ክፍሉ፣ ጀርባውን ወደ ፍራሹ ማስቀመጥ ይቻላል። ማይኩ ወደ ሙዚቀኛው ስለሚያይ ከጀርባው የሚመለስ ድምፅ ነው በቀጥታ የሚገባበት፤ ፍራሹ ከኋላ የሚሆነው ለዚህ ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል። ብርድ ልብስ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ሲሰቀል ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የተሻለ ይሠራል። የሱዳን ሴቶች ቶብ ወይም ስስ መጋረጃ ግን ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይጠቅምም። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍም ከአዲስ አበባ እስከ ካርቱም የተስፋፋ ልማድ ነው፤ ካርቶኑ ቀጭን ስለሆነ የሚለውጠው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ስልኩ

ምንም ከመግዛት በፊት እጅ ላይ ያለው ስልክ መፈተን አለበት። የዘመኑ ስልኮች ማይክ በራሱ መጥፎ አይደለም። መጥፎው ስልኩ በላዩ የሚሠራው ሥራ ነው። ስልክ የተሠራው ለንግግር ስለሆነ ዝቅ ያለውን ድምፅ ራሱ ያጎላል፣ የጮኸውን ራሱ ያወርዳል፣ ሳይለወጥ የሚዘልቅ ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ጫጫታ ነው ብሎ ያፍነዋል። ለዑድ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ክሩ ተመትቶ ቀስ እያለ ሲሞት ስልኩ መጀመሪያ ያጎላዋል፣ ከዚያ እንደ ማቀዝቀዣ ድምፅ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። መሲንቆ ላይም በረጅሙ የሚሳበው ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ዘፋኝ ከዝግታ ተነስታ ወደ ከፍታ ስትወጣ ከፍታው ይጨፈለቅና የድምፅዋ ልክ ይጠፋል፤ ዳኛው ሊሰማ የፈለገው ግን በትክክል ያንን ልክ ነበር።

አንድሮይድ ስልክ ላይ ኦፕን ካሜራ የተባለው ነፃ መተግበሪያ የድምፅ ምንጩን «ያልተቀነባበረ» ወደሚለው እንዲቀየር ያስችላል፤ ስልኩ ይህን የሚፈቅድ ከሆነ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። አይፎን ላይ ጋራዥባንድ ያለ ክፍያና ያለ ኢንተርኔት ድምፅ ይቀርጻል። ስልኩን ከተጫዋቹ አንድ ሜትር ገደማ ላይ አቁሞ፣ የማይኩ ቀዳዳ በጣትም በመያዣም እንዳይሸፈን አድርጎ አንድ ዜማ መቅረጽ፣ ከዚያም በጆሮ ማዳመጫ መስማት ነው። በፍራሽ የታጠረ ክፍል ውስጥ እንዲህ የተቀረጸ ቅጂ ለመጀመሪያ ዙር ማጣሪያ ሊበቃ ይችላል። ከበቃ ገንዘቡ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ማይክና መቅረጫ

ስልኩ ካልበቃ ቀጣዩ ጥያቄ የማይክ ዓይነት ነው። ዳይናሚክ የሚባለው ማይክ በማግኔት መካከል በሚንቀሳቀስ ጥቅል ሽቦ ይሠራል፤ ጠንካራ ነው፣ ከራሱ ውጭ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ አቧራና ሙቀትም ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በዓለም መድረኮች ሁሉ የሚታየው ሹር ኤስኤም58 የዚህ ወገን ነው። ኮንደንሰር የሚባለው እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን አለው፤ የክር ጭረትንና የትንፋሽ ዝርዝርን በተሻለ ያወጣል። አብዛኛው ከሚቀረጽበት ሳጥን (ከሳውንድ ካርዱ) 48 ቮልት የሆነ ፋንተም ፓወር ይጠይቃል፣ ለአቧራና ለእርጥበትም ስስ ነው። መቶ ዶላር አካባቢ የሚገኘው ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ2020 ከዚህ ወገን የታወቀ ነው።

ሙዚቀኞች መካከል «ኮንደንሰር ክፍሉን ሁሉ ይሰማል፣ ዳይናሚክ አይሰማም» የሚል አነጋገር አለ። ግማሽ እውነት ነው። ሁለቱ ማይኮች አንድ ዓይነት አቅጣጫ የሚሰሙ ከሆኑና በአንድ ርቀት ላይ ከተቀመጡ የሚያስገቡት የክፍል ድምፅ ያን ያህል አይለያይም። ልዩነቱ የሚመጣው ሰው ዳይናሚኩን ከንፈሩ ሥር ስለሚያደርገውና ከኮንደንሰሩ ግን ስለሚርቅ ነው። ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ከምንጩ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ከክፍሉ የሚመለሰው ግን ባለበት ይቆያል። እንግዲህ ጎጂ ክፍል ያለው ሰው የመጀመሪያ መድኃኒቱ መቅረብ ነው፤ መቅረብን የሚችለው ደግሞ ዳይናሚኩ ነው። ዳይናሚክ የራሱ ድካምም አለው። የሚያወጣው ኃይል ትንሽ ስለሆነ እንደ መሲንቆና ዑድ ባሉ ዝቅ ያለ ድምፅ ባላቸው መሣሪያዎች ላይ ብዙ ጌን (ማጉያ) ይጠይቃል፤ ርካሽ ሳጥን ላይ ጌን ሲጨመር ሽሽታ ይመጣል።

ለዘፋኝ እንግዲህ ከሁሉ የሚመች አንድ ግዢ በዩኤስቢም በተለመደው የማይክ ኬብልም የሚሠራ ዳይናሚክ ማይክ ነው። ሳምሰን ኪው2ዩ የዚህ ዓይነት ነው፤ በዓለም ገበያ 70 ዶላር ገደማ ሲሸጥ ቆይቷል፣ ራሱ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው፣ ዛሬ ላፕቶፕ ላይ የተሰካው ነገ ከሚክሰር ጋር ይሠራል። ስልክ ላይ በኦቲጂ ኬብል የሚሰካበት ጊዜም አለ፤ ሁሉም ስልክ ግን የሚበቃውን ኃይል ስለማይሰጥ ሳይሞክሩ አለመግዛት ይሻላል።

ለመሣሪያ ተጫዋች ፍርዱ ይለያል። ለዑድ፣ ለክራር፣ ለመሲንቆና ለቫዮሊን ከሁሉ የሚያዋጣው በእጅ የሚያዝ ትንሽ መቅረጫ ነው። ዙም ኤች1ኤን እና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ተከታዩ ኤች1ኢሴንሻል በመቶ ዶላር አካባቢ ይገኛሉ። ሁለት ኮንደንሰር ማይክ ጭንቅላታቸው ላይ አለ፣ በሁለት ትናንሽ የድንጋይ ባትሪ ይሠራሉ፣ ኮምፒውተር አይፈልጉም፣ ከኪስ አያልፉም። አዲሱ ደግሞ 32 ቢት ፍሎት በሚባለው ዘዴ ስለሚቀርጽ የድምፅ መጠን አስተካክሉ አይልም፤ ጮኾ የገባው ድምፅ በኋላ ሲወርድ ሳይሰነጠቅ ይመለሳል። ከበሮና ጩኸት ለሚቀላቀልበት ሥራ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። የዚህ መቅረጫ አንድ ጠባይ በእጅ ሲያዝ የጣት ንክኪን ሁሉ መስማቱ ነው፤ ስለዚህ ትሪፖድ ላይ ይሰቀላል።

ሳውንድ ካርድና ኮንደንሰር ማይክ ለየብቻ መግዛት የሚያስፈልገው ከማጣሪያው በኋላም መቅረጽ ለሚቀጥል ሰው ነው። ቤሪንገር ዩኤም2 ከርካሾቹ ነው፤ ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ጌኑም የጸዳ ነው። በዚህ ላይ ማይኩ፣ ኬብሉ፣ ስታንዱ፣ ላፕቶፑ ሲደመር ከ250 ዶላር በታች አይወጣም። ለአንድ ማመልከቻ ይህን ያህል ማውጣት ብክነት ነው።

ሁለት ነገሮች ከመግዛት መታቀብ ይሻላል። አንደኛው ቢኤም-800 በሚል ስም ከእነ ማጠፊያው፣ ከእነ ስፖንጁ «የስቱዲዮ ሙሉ ዕቃ» ተብሎ የሚሸጠው ነው። ማይኩ ራሱ ውስጡ ተራ ኤሌክትሬት ነው፣ ከላፕቶፕ የድምፅ ቀዳዳ ጋር በቀጥታ ሲሰካም ሽሽታና ጉምጉምታ ያስገባል። ሁለተኛው ቪ8 የተባለው ባለ ቀለም መብራት ሳጥን ነው። ለቀጥታ ስርጭት መጫወቻ የተሠራ ስለሆነ ማስተጋቢያና የድምፅ ማሳመሪያው ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን ማረጋገጥ ይከብዳል። ማስተጋቢያ የተጨመረበት ቅጂ ደግሞ ዳኛው ፊት የሚያስነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ምን ሊደብቅ ነው?

ሐሰተኛ ዕቃ ሌላው ወጥመድ ነው። የኤስኤም58 ቅጂ በየገበያው ሞልቷል። እውነተኛው 300 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ ይቀላል። ኤስኤም58 ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፤ ማብሪያ ያለው ሞዴል ስሙ ላይ ኤስ ተጨምሮበታል። ማብሪያ ያለው ሆኖ ሣጥኑ ላይ ኤስ የሌለው ከሆነ ወደ ቀጣዩ ሱቅ መሄድ ነው። ሱቅ አልአረቢ የተባለው የካርቱም ገበያ በጦርነቱ ከመውደሙ በፊትም ቢሆን ዕቃው በብዛት የሚመጣው በተጓዥ እጅ ከዱባይ፣ ከጅዳና ከካይሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 የዘለቀው የአሜሪካ የኢኮኖሚ ማዕቀብ የውጭ ካርድ ክፍያን ስለዘጋ በኢንተርኔት ማዘዝ የብዙዎች አማራጭ አልነበረም። ያ ልማድ ዛሬም አለ፤ ዕቃው የሚደርሰው በሰው ነው፣ ሲበላሽ የሚመለስበት የለም። ስለዚህ ሐሰተኛን ከመግዛት ያገለገለ እውነተኛ ዳይናሚክ ማይክ መግዛት ይበልጣል። ዳይናሚክ ማይክ በቀላሉ አያረጅም። ያገለገለ ኮንደንሰር ግን በካርቱም አቧራ ውስጥ ስንት ዓመት እንደቆየ ስለማይታወቅ ቁማር ነው።

ያው ማዕቀብ በሶፍትዌር ላይም ልማድ ትቷል፤ የተሰበረ ፕሮግራም በፍላሽ እየተዋሱ መጠቀም። ለማጣሪያ ቅጂ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ኦዳሲቲ ነፃ ነው፣ ከአንዴ በቀር ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ጫፍና ጫፉን ለመቁረጥ ከበቂ በላይ ነው። ሪፐር 60 ቀን ሙሉ በነፃ ይሞከራል፣ የግለሰብ ፈቃዱም 60 ዶላር ነው።

ማይኩ የት ይቁም

የማይክ ቦታ ከማይክ ዋጋ በላይ ድምፅ ይለውጣል። ዘፋኝ ከዳይናሚክ ማይክ አንድ ስንዝር ያህል ይራቃል፣ ማይኩም ከአፍ ትይዩ ሳይሆን ትንሽ ጎን ላይ ሆኖ ወደ ከንፈር ያያል፤ «ፐ» እና «ፈ» የሚያፈነዱት ትንፋሽ እንዲያልፍ። በጣም ሲቀረብ ወፍራም ድምፅ ያብጣል። ይህ የሬዲዮ አንባቢን ያስከብራል፤ ለዘፋኝ ግን ቃሉን ያደፈርሳል።

ዑድ ላይ ትልቁ ቀዳዳ ፊት ማይክ ማቆም የተለመደ ስህተት ነው፤ የሚወጣው ጉምጉምታ ሌላውን ሁሉ ይውጣል። ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ርቆ፣ አንገቱ ከሆዱ የሚገናኝበት አካባቢ ቢያነጣጥር ክሩም እንጨቱም ይሰማሉ። ክራርና የሱዳኑ ጠንቡር ቤተ ዘመዶች ናቸው፤ ኢትዮጵያውያን በደንብ የሚያውቁት የኑቢያው ልጅ ዘፋኙ መሐመድ ወርዲም የጀመረው በጠንቡር ነበር። በሁለቱም ላይ ድምፁ የሚወጣው ከገበታው ነው። ማይኩ ከገበታው ትይዩ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ርቆ፣ ከሚመታው እጅ ትንሽ ወደ ጎን ቢሆን ምቱ ድምፁን አይሸፍነውም። መሲንቆ የጭራው ጭረት ስለሚጎላ ርቀቱ ይጨምራል፤ ከ60 ሴንቲሜትር እስከ አንድ ሜትር ድረስ፣ ከላይ ወደ ታች እያየ። ቫዮሊንም እንደዚያው ነው። ክራር እየመታ የሚዘፍን ሰው ሁለት ማይክ ቢያቆም አንዱ የሌላውን እየሰማ ችግር ይፈጥራል፤ አንድ መቅረጫ ፊት ለፊት፣ ደረት ከፍታ ላይ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይቁምና ሚዛኑን ተጫዋቹ ራሱ በእጁ ይጠብቅ። ኪቦርድ ግን ማይክ አይፈልግም፤ በኬብል በቀጥታ ይገባል።

ቅኝትን በሚመለከት አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። የሱዳንም የኢትዮጵያም ዜማ በብዛት በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ነው፤ የሁለቱ አገሮች አድማጮች አንዱ የሌላውን ዘፈን ያለ አስተርጓሚ የሚወዱትም አንድም በዚህ ነው። የስልክ መተግበሪያዎች የሚያቀርቡት የድምፅ ማቃኛ ግን የተሠራው ለፒያኖው አሥራ ሁለት እኩል ድምፆች ነው። በአንቺሆዬ ወይም በጥንታዊ የክራር አቃኝ የተዘፈነን ዜማ ሲያገኝ የተሳሳተ መስሎት ወደ ቅርቡ ቁልፍ ይጎትተዋል። ዘፋኙ በትክክል ያወጣው ድምፅ በማሽን ይሰበራል። ማቃኛ ለማጣሪያ ክልክል በመሆኑ ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት መጥፋት አለበት።

የጆሮ ማዳመጫ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ዝግ ዓይነት ይሁን፤ በአጃቢ ሙዚቃ ላይ የሚዘፍን ሰው ማዳመጫው ክፍት ከሆነ አጃቢው ወደ ማይኩ ይፈሳል። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤም20ኤክስ ከርካሾቹ መካከል ይበቃል።

መብራት፣ አቧራ፣ መላክ

የሱዳን መብራት እንደ ኢትዮጵያው 50 ኸርዝ ነው፤ በደንብ ያልተቀበረ የመሬት ሽቦ ባለበት ቤት ላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ሆኖ ሲቀርጽ ያ 50 ኸርዝና እጥፉ እንደ ንብ ይገባሉ። ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መቅረጽ ነፃ መድኃኒት ነው። መብራት በጠፋ ሰዓት ለመቅረጽም ባትሪ የሚበላው መቅረጫና ፓወር ባንክ ካሉ ችግር የለም። እንዲያውም የሠፈሩ ማቀዝቀዣ ሁሉ የሚቆመው ያኔ ነው፤ ጄኔሬተሮቹ እስኪነሱ ያሉት ደቂቃዎች ሊያመልጡ አይገባም።

ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሳ በተዘጋ መስኮትም ይገባል። ማይክ ከሥራ በኋላ ስታንዱ ላይ አይተውም፤ አፉ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ፣ ከጫማ ሳጥን ከሚገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር ይቀመጣል። በአፍ እፍ ማለት እርጥበትና አቧራ መጨመር ነው። መቅረጫና ፓወር ባንክም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይቀሩም።

ሲቀረጽ የድምፁ ከፍታ በጣም በጮኸው ቦታ ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ባለው መካከል ቢሆን ይበቃል፤ ከ32 ቢት ፍሎት በቀር ዜሮን ያለፈ ድምፅ ይሰነጠቃል፣ አይመለስምም። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ የተቀረጸ ስቴሪዮ ዋቭ ፋይል በደቂቃ 17 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። የስልክ ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ ደግሞ እንደ ስልኩ በደቂቃ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይደርሳል። በ320 ኪሎቢት ወደ ኤምፒ3 ሲለወጥ ድምፁ በደቂቃ ወደ 2.4 ሜጋባይት ይወርዳል፣ አብዛኛው ዳኛም ልዩነቱን አይሰማም። ተቋሙ ዋቭ ካልጠየቀ በቀር ለካርቱም መስመር የሚመጥነው ይህ ነው።

ቪዲዮ የሚጠይቁ ተቋማት ብዙውን ጊዜ እጅና ፊት አብረው እንዲታዩ፣ ካሜራው እንዳይንቀሳቀስ፣ ዜማው ሳይቆረጥ በአንድ ትንፋሽ እንዲቀረጽ ይጠይቃሉ። «ያልተነካ» የሚል መመሪያ ካለ በሌላ መቅረጫ የተቀረጸን ድምፅ በቪዲዮው ላይ መተካት ሊያስጥል ይችላል፤ ያን ጊዜ መቅረጫው በዩኤስቢ ከስልኩ ጋር ተያይዞ ድምፁ በቀጥታ ወደ ቪዲዮው ይግባ። መተካት ከተፈቀደ ሲጀመር አንዴ ማጨብጨብ ሁለቱን ለማገጣጠም ይረዳል። በ3.5 ሚሊሜትር መሰኪያ የሚገባ የደረት ማይክ ለስልክ ሲገዛ መሰኪያው ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት መኖሩ ይታይ፤ ሁለት ያለው ለካሜራ የተሠራ ነውና ስልኩ አያውቀውም።

ሱዳን ውስጥ ኢንተርኔት ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። በጁን 2019 ከአንድ ወር በላይ ተቋርጦ ነበር፤ ከኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላም ተዘግቷል፤ በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ ትልልቆቹ የስልክ መስመሮች በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ስለዚህ ቅጂው ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ይላክ። ያልተነካው ዋናው ፋይል በሁለት ፍላሽ ይገልበጥ፤ አንዱ ቤት ይቀመጥ፣ ሌላው ከከተማ ለሚወጣ ሰው ይሰጥ።